ቪጋን፣ ፊሊፒንስ፦ ሁለት ቀን ብቻ ላላት ሰው የድሮዎቹ ቤቶች እንዴት ይታያሉ?

ተጓዥዋ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። በጥር አጋማሽ ማኒላ እሆናለሁ። ከዚያ ሁለት ቀን አውጥቼ በሉዞን ደሴት ሰሜን ያለችውን ቪጋንን ለማየት አስቤያለሁ፤ በእጄ ያሉት ቀናት እሑድና ሰኞ ናቸው። ፎቶ አንስቶ መመለሱ አያጠግበኝም። ቤቶቹ በምን እንደተሠሩና እስካሁን እንዴት እንደቆሙ ገብቶኝ ብመለስ ደስ ይለኛል።

በየድረ ገጹ የማየው ያው አንድ መንገድ ነው፤ ቀይ ጡቡ የተራቆተ ግድግዳ፣ ነጣ ያለ መስኮት፣ የፈረስ ጋሪ። ሁሉም ቤት አንድ ይመስለኛል። እውነተኛውን የድሮ ቤት በቅርብ ከተሠራው በምን ልለየው? ውስጣቸው የሚገባባቸውስ የትኞቹ ናቸው? ደግሞ ማኒላ ውስጥ በግንብ የታጠረው የድሮ ከተማ፣ ኢንትራሙሮስ፣ እያለ ያን ሁሉ መንገድ መሄዱ ያዋጣል? የምታውቁ በዝርዝር ብትነግሩኝ።

ሰሜን_ሉዞን

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፤ ያዋጣል። ኢንትራሙሮስ በ1945 በማኒላው ውጊያ ከሞላ ጎደል ወድሟል (ዓመታቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ከዚያ ጥፋት የተረፈው የሳን አጉስቲን ቤተ ክርስቲያን ነው። እዚያው ካሳ ማኒላ እየተባለ የሚጎበኘው ያማረ ቤት በ1980ዎቹ የተሠራ ነው። ቪጋንን ግን ጦርነቱ አላወደማትም። በ1999 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ የተቆጠሩት 233 ታሪካዊ ሕንፃዎች በ25 መንገዶች ላይ ተጠጋግተው የቆሙ ናቸው፤ ዋናው ክልል 17.25 ሄክታር ብቻ ነው። ከዳር እስከ ዳር በእግርሽ ትጨርሺዋለሽ።

አሁን ቀኖቹን እናስተካክል። የብሔራዊ ሙዚየም ቅርንጫፎች ሰኞ ሰኞ ዝግ ናቸው፤ በቪጋን ደግሞ ከሚገባባቸው ዋና ዋና ቦታዎች ሁለቱ በዚህ ሙዚየም ሥር ናቸው። ስለዚህ እሑድን ለውስጡ፣ ሰኞን ለመንገዱ አድርጊው። ይህ በሌላም በኩል ይጠቅምሻል፤ ቅዳሜና እሑድ ዋናው መንገድ በሰው ይሞላል፣ ሰኞ ጠዋት ግን ጸጥ ይላል።

ከማኒላ ርቀቱ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውቶቡሶቹ የሚነሡት ኬሶን ሲቲ ውስጥ ኩባዎ ከሚባለው ሰፈር ሲሆን ጉዞው ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይፈጃል። ቅዳሜ ማታ 3 ሰዓት ግድም ብትሳፈሪ ሲነጋ ትደርሻለሽ። የሌሊቱ አውቶቡስ አየር ማቀዝቀዣ አጥንት ሰብሮ ይገባል፤ ወፍራም ሹራብ ወይም ጋቢ ቢጤ ያዢ። በአውሮፕላን ከሆነ የሚቀርበው ላዋግ ነው፤ ከላዋግ ወደ ደቡብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ። በረራው ከዘገየ ግን ግማሽ ቀንሽ ሄደ ማለት ስለሆነ ለሁለት ቀን ጉዞ የሌሊቱን አውቶቡስ እመርጣለሁ።

የሁሉም ሰው ፎቶ ላይ ያለው መንገድ ካዬ ክሪሶሎጎ ይባላል። መኪና አይገባበትም፣ ካሌሳ የሚሉት የፈረስ ጋሪ ብቻ ነው የሚሄድበት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሰዓቱ ነው። ረፋድ ላይ ሱቆቹ ሲከፈቱ ቲሸርቱ፣ ቅርጫቱና የእንጨት ዕቃው እስከ መንገዱ ይወጣና የምድር ቤቱን በርና ግድግዳ ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል። ሕንፃ ለማየት የሚሻለው ገና እንደነጋ፣ በእኛ አቆጣጠር ከ12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ያለው ጊዜ ነው። መንገዱ በግምት ከሰሜን ወደ ደቡብ ስለሚሄድ የጠዋት ፀሐይ በምዕራብ በኩል ያሉትን ቤቶች ፊት ታበራለች። የምሥራቁን ረድፍ ከሰዓት በኋላ ተመልሰሽ እዪው።

ካሌሳ የሚከፈለው በሰዓት ነው። ከመሳፈርሽ በፊት ዋጋውን ብቻ ሳይሆን መሄጃውንም ተነጋገሪ። ባለጋሪዎቹ የለመዱት ዙር አለ፤ መካነ እንስሳና የአትክልት ቦታ ጭምር ያለበት ስለሆነ ዝም ካልሻቸው ሰዓቱ እዚያ ያልቃል። ለቤቶቹ እግርሽ ይበቃል፤ ጋሪውን ራቅ ላሉት አስቀምጪው።

ጡብና_ኖራ

መንገዱ ተነግሯል፣ እኔ ወደ ቤቱ ልግባ። የቤቱ ዓይነት ባሃይ ና ባቶ ይባላል፤ ትርጉሙ የድንጋይ ቤት ነው። ስሙ ግን ያሳስታል። የዚህ ቤት አጥንቱ እንጨት ነው። ሞላቬን ከመሰለ ጠንካራ እንጨት የተጠረቡ ቋሚዎች ከመሬት ተነሥተው ወለሉንና ጣራውን ይሸከማሉ፤ የምድር ቤቱ ወፍራም ግድግዳ እነሱን ከብቦ ይቆማል። መሬት ሲንቀጠቀጥ እንጨቱ ይወዛወዛል እንጂ እንደ ግንብ ቶሎ አይሰበርም፤ ግድግዳው ቢሰነጠቅ እንኳ ወለሉና ጣራው በቋሚዎቹ ላይ እንዲቀሩ ነው የታሰበው። ስለዚህ ገብተሽ መጀመሪያ የምትፈልጊው ቋሚዎቹን ይሁን። ከታች ከግድግዳው ጋር የነበረው ምሰሶ ላይኛው ፎቅ ላይ የት እንደሚወጣ ተከታተዪው፤ ያንን ካገኘሽ ቤቱ ገብቶሻል።

በሩ ሁለት ትልልቅ ክንፍ አለው፤ ከአንዱ ክንፍ ላይ ለሰው የምትበቃ ትንሽ በር ተቆርጣለች። ትልቁ የሚከፈተው ለሠረገላና ለንግሥ የሚወጣውን የቅዱስ ሐውልት ለሚጭነው ጋሪ ነበር። ከበሩ ውስጥ ያለው ዛጓን ሰው የሚኖርበት ክፍል አይደለም፤ ሠረገላ፣ ትንባሆ፣ ኢንዲጎ የሚባለው ሰማያዊ ማቅለሚያ የሚቀመጥበት ነው። ኑሮው ያለው ላይ ነው። የደረጃው የመጀመሪያ እርከኖች ድንጋይ፣ ከዚያ በላይ ያሉት እንጨት የሆኑበትን ቤት ስታገኚ ምክንያቱን ልብ በዪ፦ ከታች ጎርፍና የመሬት እርጥበት አለ፣ እንጨት መሬት ከነካ ምስጥና ብስባሴ ይበላዋል።

ላይ ስትወጪ መጀመሪያ የምትደርሺበት ካይዳ ነው፣ እንግዳ የሚቀበሉበት። ቀጥሎ ሳላ፣ ትልቁ አዳራሽ። በክፍሎቹ መካከል ያለውን ግድግዳ አናቱ ላይ ተመልከቺው፤ እንደ ዳንቴል የተፈለፈለ እንጨት ነው፣ አየር ከክፍል ወደ ክፍል እንዲያልፍ። ወጥ ቤቱ ወደ ኋላ ተገፍቷል፤ ከጎኑ አዞቴያ የሚባለው ክፍት ሰገነት አለ፣ ውሃውና ማጠቢያው እዚያ ነው። እሳትና ውሃን ከእንጨቱ ቤት ማራቅ ነው ነገሩ።

አሁን መስኮቱ ጋ ቁሚ። እዚህ ላይ አትቸኩዪ። አንድ መስኮት የሚመስልሽ ነገር ሦስት ነው። ከደፉ ላይ የተቦረቦሩ ትይዩ መስመሮች ታያለሽ፤ በአንዱ መስመር የካፒዝ ክንፍ ይንሸራተታል፣ በሌላው የእንጨት ሰሌዳዎች በአግድም የተደረደሩበት ክንፍ። ካፒዝ የባሕር ዛጎል ነው፤ ጠፍጣፋና ስስ፣ በመዳፍ ግማሽ መጠን በአራት ማዕዘን እየተቆረጠ በእንጨት ፍርግርግ ውስጥ ይሰካል። ብርሃኑን የወተት መልክ ሰጥቶ ያስገባዋል፣ የፀሐዩን ግለት ግን ያበርደዋል። ሦስተኛው ከደፉ በታች እስከ ወለሉ ያለው ነው፤ ቬንታኒልያ ይሉታል፣ ትንሽ ተንሸራታች መዝጊያና ከውጭ በኩል የእንጨት ወይም የብረት ፍርግርግ ያለው። ማታ ላይ ትልቁ ሲዘጋ ይህ ክፍት ይቀራል። ቀዝቃዛው አየር በወለሉ ደረጃ ይገባል፣ የሞቀው በተፈለፈለው እንጨት በኩል ወደ ላይ ይሄዳል። በጉልበትሽ ደረጃ ብትጎነበሺ ንፋሱ ይሰማሻል።

እውነተኛውን ካፒዝ ለመለየት ጠርዙን እዪ። ዛጎሉ በስስ ንብርብር የተሠራ ስለሆነ ሲያረጅ ጠርዙ እንደ ሽንኩርት ይላጣል፣ እያንዳንዱ ቁራጭም የራሱ ጥለት አለው። ፕላስቲኩ አይላጥም፣ ይቢጫል፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። በእጅ መጫን ግን አይገባም፤ ያረጀ ካፒዝ በጣት ግፊት ይሰበራል።

ሕንፃውን ራሱን ለመለየት ደግሞ የግድግዳውን ውፍረት በመስኮቱና በበሩ ጉድጓድ በኩል ለኪው። የድሮው ከአንድ ክንድ በላይ ይሆናል። በብሎኬትና በኮንክሪት ተሠርቶ የድሮ መልክ የተቀባው ስስ ነው፣ ማዕዘኖቹም ከልክ በላይ ቀጥ ያሉ ናቸው። በአደባባዩ ዙሪያ የድሮ መልክ ለብሰው የተሠሩ ምግብ ቤቶች አሉ፤ ከተማዋ መልኳን እንድትጠብቅ ተብሎ የሆነ ስለሆነ ክፋት የለውም፣ አንቺ ግን ከ1800ዎቹ ቤት ጋር እንዳታምታቺው።

ቅርስ_አፍቃሪ

ጡብና_ኖራ የጻፈው ትክክል ነው፤ አንድ ነገር ግን መጨመር አለበት፤ ካልሆነ ቪጋን ስትደርሺ ግራ ይገባሻል። በሌሎቹ የፊሊፒንስ ከተሞች ባሃይ ና ባቶ ሲባል ታቹ ግንብ፣ ላዩ እንጨት ነው። በቪጋን ግን ላይኛው ፎቅም በጡብ የተገነባ ቤት ብዙ አለ። እነዚህ ቤቶች ከበድ ያሉ፣ ወደ መንገዱ ያልወጡ፣ ቅስትና ዓምድ የተቀረጸባቸው ናቸው። ጎን ለጎን ቆመው ስታያቸው ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

«የስፔን ከተማ» የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። ሁዋን ደ ሳልሴዶ ወደዚህ የመጣው በ1572 ነው፤ ቀጥ ያሉት መንገዶች፣ አደባባዩ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በስፔኖቹ ደንብ የተቀመጡ ናቸው። ከዚያ በፊት ግን ቦታው ከቻይና የሚመጡ ነጋዴዎች መርከባቸውን የሚያቆሙበት ነበር፤ ወንዙም እስከ ዛሬ ሜስቲሶ ነው የሚባለው። አሁን የምታያቸውን ታላላቅ ቤቶች ያሠሩት በአብዛኛው ከቻይናውያንና ከአገሬው ሰው የተወለዱ ነጋዴ ቤተሰቦች ናቸው፤ ሰፈራቸውም ካሳንግላያን ይባል ነበር፣ የቻይኖች መኖሪያ እንደማለት። ቀጥ ብሎ የሚወርደው ጣራ የቻይና ቤትን ያስታውሳል፣ የመስኮቱ ዛጎልና አየር የማሳለፉ ብልሃት የአገሩ ነው፣ የክፍሎቹ ስም ስፔንኛ ነው። የቪጋን ውበት ይህ መቀላቀል ነው፤ ዩኔስኮም የመዘገባት በዚሁ ምክንያት ነው።

እሑድ የሚገባበት ቦታ ላሰልፍልሽ። ከሳልሴዶ አደባባይ ጀምሪ። በምሥራቅ ጫፉ የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል አለ፤ የአሁኑ ሕንፃ ከ1790 እስከ 1800 የተሠራ ነው። ሰፋ፣ ወፈር፣ ዝቅ ያለ ነው፣ ግድግዳውን የሚደግፉት ግንቦችም ግዙፍ ናቸው። «የመሬት መንቀጥቀጥ ባሮክ» የሚሉት ይህንን አሠራር ነው፤ ባሮክ ያጌጠ የአውሮፓ የሕንፃ ስልት ነው። የደወሉን ማማ ፈልጊ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር አልተያያዘም፣ በስተደቡብ ለብቻው ቆሟል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ረጅሙ ነገር ሲወድቅ ምእመናኑ ላይ እንዳይወድቅ። እሑድ ቅዳሴ ስለሚኖር በሥርዓቱ ጊዜ ካሜራ ይዘሽ ወዲያ ወዲህ አትበዪ፣ ትከሻሽንም ሸፈን አድርጊ። በጎኑ ያለው የሊቀ ጳጳሱ መኖሪያ ከካቴድራሉ ጋር የሚሄድ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው።

በአደባባዩ ሌላ ጫፍ የክፍለ ሀገሩ መስተዳድር ቤት አለ፣ ከእሱ አጠገብ ደግሞ የብሔራዊ ሙዚየሙ ግቢ። እዚያ ሁለት ነገር አይለፍሽ። አንዱ የቄስ ሆሴ ቡርጎስ ቤት ነው፤ በ1872 ከሁለት ቄሶች ጋር በስፔኖች በሞት የተቀጣው ሰው ነው። ሁለተኛው የድሮው እስር ቤት ነው። ኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ኤልፒዲዮ ኪሪኖ በ1890 የተወለደው እዚህ ነው፣ አባቱ የእስር ቤቱ ኃላፊ ነበርና። ኤስቴባን ቪያኑዌቫ በ1821 የሣላቸው 14 ሥዕሎችም አሉ፤ ባሲ በሚባለው የሸንኮራ አገዳ ጠጅ ምክንያት በ1807 የተነሣውን ዓመፅ በተራ ያሳያሉ። የኛን አገር የግድግዳ ሥዕል ለለመደ ሰው ታሪክን በተርታ መናገራቸው አዲስ አይሆንበትም።

ከሰዓት በኋላ ሲኪያ ቤት ግቢ። በ1830 የተሠራ ነው፣ የኪሪኖ ሚስት ቤተሰብ ቤት። ዕቃው በቦታው ስላለ ካይዳውንና ሳላውን ከእነ አኗኗሩ ታዪበታለሽ። የጡብና_ኖራን የመስኮት ትምህርት የምትሞክሪው እዚህ ነው። ክሪሶሎጎ ሙዚየምም ቅርብ ነው፣ ነገር ግን ይበልጡን የአንድ ፖለቲከኛ ቤተሰብ ማስታወሻ ነው፤ ጊዜ ካጠረሽ እሱን ዝለዪው።

ተጓዥዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ከጠበቅኩት በላይ ነው። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። ጡብና_ኖራ ስለ ተራቆተው ቀይ ጡብ ምንም አላልክም። ድሮም እንዲያ ነበር? አንዳንድ ፎቶ ላይ ግድግዳው ታች ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር አለበት፤ እሱስ ምንድን ነው?

ጡብና_ኖራ

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሳልጽፈው የቀረሁት ስለሚረዝም ነበር። ጡቡ ድሮ እንዲታይ አልተሠራም። ግድግዳው በሙሉ ፓሊታዳ በሚባል የኖራ ልስን ይሸፈን ነበር። የዚያ ዘመን ጡብ በእንጨት እሳት የተጠበሰ፣ ለስላሳና ውሃ የሚመጥ ነው፤ ልስኑ ልብሱ ነበር። አሁን ሰው የሚያደንቀው ቀይ ግድግዳ ልብሱ የወለቀ ግድግዳ ነው። ያማረ መሆኑን አልክድም፣ ግን ዝናብ በገባበት ቁጥር ጡቡ እየሟሟ ነው። በጣትሽ ሳትነኪ በዓይንሽ ብቻ ብታዪው የማጣበቂያው መስመር ጎድጉዶ፣ የጡቡ ማዕዘን ክብ ሆኖ ታገኚዋለሽ።

ነጩ ዱቄት ጨው ነው። እነዚህ ግድግዳዎች ከመሠረታቸው ላይ እርጥበት የሚከለክል ንጣፍ የላቸውም። የመሬቱ ውሃ በጡቡ ቀዳዳዎች ይወጣል፣ ከጉልበት እስከ ወገብ ድረስ፣ ገጹ ላይ ሲደርስ ውሃው ይተናል፣ የያዘው ጨው ይቀራል። በኖራ ልስን ከሆነ ውሃው ያለችግር ይተናል፣ ጨው ሲጠራቀም የሚበላሸው ልስኑ ነው፤ ልስን ደግሞ ይታደሳል። ችግሩ የሚመጣው በሲሚንቶ ሲለሰን ነው። ሲሚንቶ ደረቅና ድፍን ስለሆነ እርጥበቱ መውጫ ያጣል። ስለዚህ ከሲሚንቶው ጀርባ ወደ ላይ ይወጣል፣ የወለሉ ተሸካሚ እንጨት ጫፍ ግድግዳው ውስጥ የገባበት ድረስ። እንጨቱ ከዚያ ይበሰብሳል፣ ከውጭ ምንም ሳይታይ። ጨውም ከልስኑ ጀርባ እየደረቀ ይገፋዋል፤ በመጨረሻ ሲሚንቶው ሲወድቅ የጡቡን ፊት ይዞ ነው የሚወድቀው። የሆድ ያህል ያበጠ ልስን፣ በጣት ሲንኳኳ ባዶ የሚል፣ ከላዩ አግድም የእርጥበት መስመር ያለው ካየሽ ይህ በሽታ ነው።

ትክክለኛው ጥገና አዝጋሚ ነው። አንድ እጅ በውሃ ፈልቶ የቆየ ኖራ ከሦስት እጅ ንጹሕ አሸዋ ጋር፣ በስፍር እንጂ በክብደት አይደለም። ግድግዳው ጨውና አቧራው በደረቅ ቡሩሽ ይጠረጋል፣ ከልስኑ በፊት በደንብ ይርሳል፤ ካልራሰ ጡቡ የልስኑን ውሃ ይመጥጠውና ልስኑ ዱቄት ሆኖ ይረግፋል። ከዚያ በአንድ ጊዜ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ ንብርብር፣ ያ ጠንከር ሲል ሁለተኛው። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ጋር ቀስ ብሎ ስለሆነ እርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ለቀናት ከፀሐይ ይጠበቃል። በችኮላ ፀሐይ ላይ ከተተወ እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጠቃል። ላዩ የሚቀባው የኖራ ቀለም ነው፤ የፕላስቲክ ቀለም የሲሚንቶውን ጥፋት ይደግመዋል። የጎንደርን ግንቦች ያየ ሰው ኖራ ስንት ዘመን እንደሚቆም አይነገረውም።

ከሁሉ በፊት ግን ጣራውና አሸንዳው ይጠገናል። አሸንዳ ተደፍኖ ውሃ በግድግዳ ላይ እየወረደ ልስን መለሰን ገንዘብ መጣል ነው። ከጣራ ከተነሣ፣ ዛሬ አብዛኛው ጣራ ቆርቆሮ መሆኑ አይደንቅሽ። ድሮ ከባድ የሸክላ ክዳን ነበር፤ ከ1880ው የሉዞን መንቀጥቀጥ በኋላ ሸክላው ሰው ላይ መውረዱ ስለታየ በአገሩ ሁሉ ወደ ቆርቆሮ ተዛወሩ።

ለባለቤቶቹ በ2010 የወጣ የጥገና መመሪያ አለ፣ ዩኔስኮና ከተማው ያዘጋጁት፤ ይህን ሁሉ በሥዕል ያስረዳል። በ2012 ደግሞ ቪጋን በቅርስ አያያዝ ምሳሌ ተብላ በዩኔስኮ ተመርጣለች። የሚገባት ነው፤ ሰው የሚኖርበትን ቤት መጠበቅ ሙዚየም ከመጠበቅ በጣም ይከብዳል።

ሰሜን_ሉዞን

የሰኞውን ልጨርስልሽ። ከነጋ እስከ 2 ሰዓት ካዬ ክሪሶሎጎ፣ ከዚያ ግን ጎን ለጎን ወዳሉት መንገዶች ግቢ። ሱቅ ስለሌለባቸው የምድር ቤቱ በርና ግድግዳ እዚያ ነው በግልጽ የሚታየው፤ ያልታደሱትም እዚያ ናቸው፣ ማለትም ጡብና_ኖራ ያለው ሁሉ።

ጁላይ 27፣ 2022 በአብራ ክፍለ ሀገር የተነሣው መጠኑ 7.0 የሆነ መንቀጥቀጥ ብዙ ቤቶችን ጎድቷል። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ያለው የባንታይ የደወል ማማ ከፊሉ የፈረሰው ያኔ ነው። በካሌሳ ወይም በባጃጅ ትደርሺበታለሽ፤ ወደ ላይ መውጣት የሚፈቀድ መሆኑን ግን ማደሪያሽ ውስጥ አስቀድመሽ ጠይቂ። ተሰንጥቀው በእንጨት ድጋፍ የቆሙ ግድግዳዎች ካጋጠሙሽ ከሥራቸው ቆመሽ ፎቶ አትነሺ።

በስተደቡብ ምዕራብ ፓግቡርናያን አለ፣ ቡርናይ የሚባለውን ትልቅ ማሰሮ የሚሠሩበት። ጭቃውን ጎሽ እየረገጠ ያበኩታል፣ ምድጃው እንደ ዋሻ የረዘመ ነው። የግማሽ ሰዓት ነገር ነው።

ምሳ ቡርጎስ አደባባይ፦ ኤምፓናዳ። ከሩዝ ዱቄት የተሠራ ብርቱካንማ ቂጣ፣ ውስጡ ጥሬ ፓፓያ፣ እንቁላልና ቋሊማ፣ በዘይት የተጠበሰ። ቋሊማው የአሳማ ሥጋ ስለሆነ ካልፈለግሽው ያለ እሱ እንዲሠሩልሽ ሊጡ ሳይታጠፍ ንገሪያቸው። ጫማሽ ደግሞ ስስ ሶል አይሁን፤ የክሪሶሎጎ ድንጋይ ሸካራ ነው፣ ሌሊት ጤዛ ካለም ጠዋት ያንሸራትታል። የሰኞ ማታውን የመመለሻ ትኬት እሑድ እንደደረስሽ እዚያው ጣቢያው ላይ ቁረጪ።